ሰነድ ተደራሽ የሚያደርግ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት

ለከተማ አስተዳደሮች፣ ለክፍለ ከተሞችና ለወረዳዎች የግዥ፣ የኮሙኒኬሽን እና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሥራ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ በድረ ገጽና በቴሌግራም የሚወጡ ሰነዶችን ለዓይነ ስውራን ተነባቢ የሚያደርግ ሶፍትዌር ግዥን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የምታወጧቸውን ማስታወቂያዎች፣ መመሪያዎችና ዝርዝሮች ዓይነ ስውራንና የማየት ችግር ያለባቸው ነዋሪዎች በራሳቸው እንዲያነቡ የሚያስችል ሶፍትዌር ለመግዛት ማሰባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ግዴታም ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 21 ለሕዝብ የሚወጣ መረጃ ለአካል ጉዳተኞች በሚሆን መልክ፣ በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲቀርብ ያዛል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በጀቱ ወጥቶ፣ ርክክቡ ተፈርሞ፣ ሰነዱ ግን እንደ ቀድሞው የማይነበብ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። አብዛኛው ሰነዳችሁ የማይነበበው ሶፍትዌር ስለጠፋ አይደለም። ሰነዱ የተበላሸው ማኅተም እንዲመታበት ወረቀት ላይ በታተመ ጊዜ ነው።

የአንድ ማስታወቂያን መንገድ እንከተል። ጸሐፊዋ በዎርድ ትተይበዋለች። በዚያ ሰዓት ጽሑፉ ሙሉ ነው፤ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነበዋል። ከዚያ ይታተማል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ቀጥሎ ስካን ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜም በስልክ ፎቶ ይነሳል። ያ ፎቶ ነው ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው። ፎቶ ውስጥ ፊደል የለም፤ ያለው የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው። ስክሪን ሪደሩ ገጹ ላይ ሲደርስ «ባዶ» ይላል፣ ወይም ዝም ብሎ ያልፋል። የሚያይ ሰውም ቢሆን ስሙን ፈልጎ ማግኘት አይችልም፣ መቅዳት አይችልም፣ ጥቂት ኪሎባይት ይበቃው የነበረውን ጽሑፍ በብዙ ሜጋባይት ያወርዳል።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚገዛው ሶፍትዌር ሥራው ምንድን ነው? እናንተው በገዛ እጃችሁ የሰረዛችሁትን ጽሑፍ ከፎቶው ላይ ገምቶ መመለስ ነው። ዎርዱ ግን አሁንም በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ግዥ አይደለም፤ የአንድ ገጽ የውስጥ ደብዳቤ ነው። ማንኛውም ለሕዝብ የሚወጣ ሰነድ ሲፈረም፣ ጸሐፊዋ ዎርዱን የደብዳቤ ቁጥሩን በፋይል ስምነት ሰጥታ ለኮሙኒኬሽን ክፍሉ ትላክ። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት በዎርዱ ላይ ተተይቦ ይግባ። ከዎርዱ የተሠራው ፒዲኤፍ ዋናው ሆኖ ይውጣ፤ ማኅተም ያለበት ስካን ማስረጃ ካስፈለገ ከሥሩ ይያያዝ። «ያለ ማኅተም ከወጣ ይጭበረበራል» የሚለውን ስጋት እናውቃለን። ነገር ግን የሰነዱ ዋስትና በመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ገጽ ላይ በቁጥሩ መገኘቱ ነው። ጥርት ብሎ የተነሳ የማኅተም ፎቶ ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ደግሞ ለአጭበርባሪ መልካም ናሙና መስጠት ነው። ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልግ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ ዲጂታል ፊርማ ጽሑፉን ሳይገድል ማረጋገጫ ይሰጣል።

ዎርዱ ከተገኘ ቀሪው የአተያየብ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን፤ አማርኛ የሚወድቀው እዚህ ነውና፣ የውጭ ሻጮችም የማያውቁት ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ፎንት። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ኮድ በሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት፣ ውስጥ ቦታውን ይዟል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፕሮግራሞች፣ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች ጭምር፣ የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ይደርቡ ነበር። በእነዚህ የተተየበ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው፤ ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ያንን ትርምስ ነው። ለአብነት የሚያገለግሉ የመመሪያ ቅጾች ከዓመት ወደ ዓመት እየተቀዱ ስለሚሄዱ፣ ዛሬም በአዲስ ቀን የቆየ ፎንት ያለበት ሰነድ ይወጣል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ደህና ነው። «xND qN» የመሰለ ነገር፣ ማለትም የላቲን ፊደል፣ ምልክትና ባዶ ሳጥን ከወጣ፣ ሰነዱ ለማንም ስክሪን ሪደር አይነበብም። ለዚህ ኦሲአር፣ ማለትም ከፎቶ ላይ ፊደል ለይቶ ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም፣ አያስፈልግም፤ የፎንቱን ስም አይቶ ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ መቀየሪያ ነው የሚያስፈልገው። ከእንግዲህ ለሚተየበው ኢብሪማ፣ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ በቂ ናቸው።

ቀጥሎ አራት ነጥብ። በጣም ብዙ ጸሐፊዎች «።» የሚለውን ትተው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታሉ፤ «፡፡» ወይም የእንግሊዝኛውን «::»። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም። ለኮምፒውተር ግን አራት ነጥብ የራሱ ኮድ ያለው አንድ ምልክት ነው፤ ሁለቱ ሁለት ነጥቦች ደግሞ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደሉም። ድምፁ ሳያርፍ አንቀጹን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፤ መመሪያ እያዳመጠ ያለ ሰው የትኛው ግዴታ የት እንዳበቃ ይጠፋዋል። በዎርድ «ፈልግና ተካ» የሚለውን አንድ ጊዜ መጠቀም ሰነዱን በሙሉ ያስተካክለዋል። በዚያው አጋጣሚ «ክ/ከተማ»፣ «መ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት» የመሳሰሉት ቢያንስ በመጀመሪያ ሲነሱ ተዘርዝረው ይጻፉ፤ የ«/» ምልክቱን ድምፁ በየጊዜው ይጠራዋል ወይም ቃሉን ይቆርጠዋል።

ሦስተኛው የቋንቋ ምልክት ነው። ፒዲኤፍ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚመዘገብበት ቦታ በውስጡ አለው። የዎርድ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ መነሻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆኖ ስለሚመጣ አማርኛውን ሰነድ «የአሜሪካ እንግሊዝኛ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ስክሪን ሪደሩም የእንግሊዝኛ ድምፁን ያወጣና ፊደሎቹን ይዘላል ወይም ኮዳቸውን ይቆጥራል። አማርኛ የሚያነብ ድምፅ የለም እንዳትሉ። በነጻ የሚገኘው ኤንቪዲኤ ስክሪን ሪደር ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ጥብቀት ስለማንጽፍም አንዳንድ ቃል ያላላል፣ ግን ይገባል። ማይክሮሶፍትም መቅደስና አምሃ የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ሰነዱ አማርኛ መሆኑን ካልተናገረ ግን ድምፆቹ መኖራቸው ብቻ አይጠቅምም። በዎርድ ጽሑፉን ሁሉ መርጣችሁ የማረሚያ ቋንቋውን አማርኛ አድርጉ። ሰነዱ አማርኛና አፋን ኦሮሞ፣ ወይም አማርኛና እንግሊዝኛ ከያዘ ለየክፍሉ ለየብቻ ይሰጥ።

ከዚያ አርዕስት። ፊደሉን አግዝፎና አድምቆ መጻፍ አርዕስት አያደርገውም፤ «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» ከሚሉት የዎርድ ስታይሎች መመረጥ አለበት። የሚያይ ሰው 40 ገጽ መመሪያን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ክፍል አምስትን ያገኛል፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን ከአርዕስት ወደ አርዕስት በአንድ ቁልፍ ካልዘለለ ከገጽ አንድ ጀምሮ መስማት ነው ዕጣው። ለምስልና ለካርታ በቃላት የሚገልጻቸው አማራጭ ጽሑፍ ይግባ። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩ «ፕሪንት» ብላችሁ አትቀይሩ፤ በዚያ መንገድ የሚወጣው ፒዲኤፍ አርዕስቱንና ሠንጠረዡን የሚለዩትን ታጎች በሙሉ ይጥላል። «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ ምረጡ፣ ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ የዶክመንት ስትራክቸር ታግ የሚለው ምልክት እንደተደረገበት አረጋግጡ። የዎርድ ፈቃድ የሌለው ወረዳ ሊብረኦፊስን በነጻ ይጠቀም፤ ከ7.0 ጀምሮ ፒዲኤፍ ዩኤ በተባለው የተደራሽነት ደረጃ ማውጣት ይችላል።

ሠንጠረዥ ለብቻው ይነሳ፤ ነዋሪው የሚጨነቅበት ሰነድ አብዛኛው ሠንጠረዥ ነውና። የሊዝ ጨረታ ውጤት፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ዝርዝር፣ ለፈተና የተጠሩ አመልካቾች። የላይኛው ረድፍ አርዕስት መሆኑ ካልተመዘገበ አድማጩ «ሦስት፣ አሥራ ሁለት፣ አራት መቶ አምስት» ይሰማል፤ የትኛው ብሎክ፣ የትኛው የቤት ቁጥር እንደሆነ የሚነግረው የለም። የተዋሐዱ ሴሎችን ተዉ፤ የአርዕስት ረድፉ በየገጹ እንዲደገም አድርጉ። ሺህ ስም ያለበትን ዝርዝር ደግሞ በፒዲኤፍ ብቻ ማውጣት ስህተት ነው፤ ኤክሴሉን አብራችሁ አውጡ፣ ወይም በምዝገባ ቁጥር የሚፈለግበት ቀላል ገጽ ሥሩ። በስም የሚፈለግ ከሆነ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጠሩ አሠሩት። ጸሐይ ብላ የፈለገች ፀሐይ ተብላ ስለተመዘገበች ዕጣዋን ማጣት የለባትም።

አሁን ወደ ቆዩት ሰነዶች እንምጣ። ዎርዳቸው የጠፋ፣ ወረቀታቸው ብቻ የቀረ ብዙ አሉ። ኦሲአር የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። በገበያ ላይ ከታወቁት የኦሲአር ምርቶች ብዙዎቹ በቋንቋ ዝርዝራቸው አማርኛ የላቸውም፤ «ከ100 በላይ ቋንቋ» የሚል ብሮሹር ላይ አማርኛ በስሙ መጻፉን እዩ። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛና የትግርኛ ሞዴል አለው፤ ለመነሻ ማወዳደሪያ እሱን ተጠቀሙ። ከፍሎ የሚገዛው ከነጻው ካልበለጠ ለምን ይገዛል?

ስካኑ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው)፣ ቀጥ ብሎ፣ ከዋናው ወረቀት ይሁን እንጂ ከፎቶኮፒው አይሁን። በደበዘዘ ኮፒ ላይ የ«ሊ» እግርና የ«ሌ» ቀለበት አይለዩም፤ ማኅተም ያረፈበት መስመርም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይወጣል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ማኅተሙ የሚያርፈው ስምና ኃላፊነት ላይ መሆኑ ነው። ሻጭ «95 በመቶ ትክክል» ሲላችሁ በደስታ አትቀበሉ። 1,500 ፊደል ባለበት ገጽ ላይ ይህ 75 የተሳሳተ ፊደል ነው። በዜና ላይ ሊታለፍ ይችላል፤ በካሬ ሜትርና በብር መጠን ላይ ግን አንድ አሃዝ መሳሳት ሰውን ከመብቱ ያፈናቅላል። ቁጥር ያለበት ገጽ ሁሉ በሁለት ሰው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እያየ ይመሳከር። ይህ የሰው ሥራ ስለሆነ በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው።

የቆየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመጠገን አትነሱ። ቅጾች፣ የአገልግሎት ክፍያ ተመን፣ የዜጎች ቻርተር፣ በሥራ ላይ ያሉ መመሪያዎች፣ የይግባኝ ጊዜያቸው ያላለፈ ውሳኔዎች ይቅደሙ። የአምስት ዓመት የስብሰባ ዜና ሲጠየቅ ይደርሳል፤ ለጥያቄው ስልክ ቁጥርና የመልስ ቀን ገደብ በገጹ ላይ ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ የምትገዙት ምን ይቀራል? አማርኛ የሚያውቅ ኦሲአር፣ ወረቀት በራሱ የሚጎትት ስካነር፣ የፒዲኤፍ ታግ የሚያርም ፕሮግራም ለሁለት ወይም ለሦስት የሰለጠኑ ሠራተኞች። የጥራት መመርመሪያውን መግዛት አያስፈልግም፤ ፓክ እና ቬራፒዲኤፍ የተባሉት በነጻ ይገኛሉ፤ ሁለተኛው ብዙ መቶ ፋይል በአንድ ትእዛዝ ይፈትሻል። ግን ልብ በሉ፦ የፒዲኤፍ ዩኤ መመርመሪያ ዝርዝር የሆነው ማተርሆርን ፕሮቶኮል 136 የብልሽት ዓይነቶችን ይቆጥራል፤ ማሽን ብቻውን የሚለየው 87ቱን ነው። አክሮባት የተባለው የፒዲኤፍ ፕሮግራም ሙሉ ፍተሻም የንባብ ቅደም ተከተልንና የቀለም ንፅፅርን ለሰው ይተዋል። ነጋሪት ጋዜጣን የመሰለ፣ ግራው አማርኛ ቀኙ እንግሊዝኛ የሆነ ባለሁለት ዓምድ ሰነድ አረንጓዴ ምልክት አግኝቶ እንኳ አንዱን መስመር ከአማርኛው ቀጣዩን ከእንግሊዝኛው እያማታ ሊነበብ ይችላል። ይህን የሚይዘው ጆሮ ብቻ ነው።

ስለ ብሮሹሮቹም አንድ ቃል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የክልልና የአካባቢ መንግሥታት ድረ ገጾችና ሰነዶች ደብሊውካግ 2.1 የተባለውን የተደራሽነት መስፈርት በደብል ኤ ደረጃ እንዲያሟሉ ወስኗል። ብዙ ሻጮች ምርታቸውን የሠሩት ለዚያ ገበያ፣ ለእንግሊዝኛ ሰነድ ነው። መስፈርቱ መልካም ነው፣ በጨረታ ሰነዳችሁም ጥቀሱት፤ እንግሊዝኛ ላይ ማለፍ ግን አማርኛ ላይ ማለፍ አይደለም። በአንድ መስመር ኮድ ድረ ገጹን ተደራሽ አደርጋለሁ የሚሉትን፣ ጥግ ላይ ትንሽ የሰው ምልክት የሚለጥፉትን ምርቶች አትግዙ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አክሰሲቢ የተባለው ኩባንያ ስለዚህ ዓይነት ምርቱ ያሳሳተ ማስታወቂያ ነግሯል በሚል ክስ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የሚያደርግ ትእዛዝ አስታውቋል። የስካን ፒዲኤፋችሁን ደግሞ እንዲህ ያለው መለጠፊያ ከነጭራሹ አይነካውም።

ለጨረታው ሰነድ ይህን እንመክራለን። ከራሳችሁ ፋይሎች 20 ምረጡ፦ ከዎርድ የተሠሩ አምስት፣ ስካን የሆኑ አምስት፣ በቆየ ፎንት የተተየቡ ሦስት፣ ባለሁለት ዓምድ ሦስት፣ የሚሞሉ ቅጾች ሁለት፣ ረጃጅም ሠንጠረዦች ሁለት። ቴክኒካል ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ለተጫራቾች ሁሉ በአንድ ሰዓት በፍላሽ ይሰጥ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ይመለስ። ውጤቱ በቬራፒዲኤፍ ይፈተሽ፣ ከዚያም በኤንቪዲኤ ይነበብ። አንባቢዎቹ በየቀኑ በስክሪን ሪደር የሚሠሩ ዓይነ ስውራን ይሁኑ፤ በኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በኩል መጠየቅ ይቻላል፣ የባለሙያ አበልም ይከፈላቸው። የፋይናንሻል ፖስታ የሚከፈተው ይህን ላለፈው ብቻ ይሁን። ዝቅተኛ ዋጋ ብቻውን አሸናፊ በሚያደርግበት ግዥ ለእንግሊዝኛ የተሠራው ርካሽ ምርት ሁልጊዜ ያሸንፋልና።

በውሉ ላይ ሦስት ነገር እንዳይረሳ። ፈቃዱ በዶላር በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ ማብቂያው ከሰኔ 30 ጋር እንዳይጋጭ ቀኑን አስተካክሉ፤ በጀት ሲዘጋ ፈቃዱም ከተዘጋ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ሥራው ይቆማል፤ የምንዛሪ ለውጡም በመጠባበቂያ ይታይ። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ሲያበቃ የተጠገኑት ፋይሎች በእናንተ ሰርቨር ላይ እንዳሉ መቅረታቸው ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር የሚላክ ከሆነ ይነገራችሁ፤ የነዋሪዎች ስምና መለያ ቁጥር ያለበት ዝርዝር በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚገዛ ነው።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው፦ የጨረታ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ባለፈው አንድ ወር ያወጣችኋቸውን ሰነዶች በሙሉ ሰብስቡ፣ ከየአንዳንዳቸው አንድ አንቀጽ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ፣ ስንቱ አማርኛ ሆኖ እንደወጣ፣ ስንቱ ትርምስ፣ ስንቱ ደግሞ ጭራሽ አልቀዳ እንዳለ ቆጥሩ። ሦስቱን ቁጥሮች በጨረታ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሯቸው። ተጫራቹ ምን እንደሚጠገን፣ እናንተም ምን እንደምትገዙ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከሰላምታ ጋር

በሰነድ ዝግጅትና በስክሪን ሪደር ሥልጠና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤቶችና ለጸሐፊዎች
ለድረ ገጽና ለቴሌግራም ቻናል አስተዳዳሪዎች